ሦስት ተጫዋች ጎድሎን ነበር፤ አይ፣ ኳስ አይደለም

ከሁለት ወር በፊት አንድ ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ግሩፓችንን ከፍቼ «ጫካው ጭር ብሏል። ፋኖሳችሁ ጋዝ ሊጨርስ ነው። ከኋላችሁ የሆነ ነገር ቅጠል እየረገጠ ይመጣል። ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጻፍኩና ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንዱ «ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነኝ ወንድሜ» አለ። ሌላዋ የአውራ ጣት ምልክት ላከች። አውራ ጣት! ከኋላሽ ቅጠል እየተረገጠ ነው እያልኳት አውራ ጣት! ያን ማታ ነው ቡድናችን በቁሙ እየሞተ እንደሆነ የገባኝ።

ለማታውቁን ባጭሩ ላስረዳ። ጅማ ሆነን በቴሌግራም የምንጫወተው የምናብ ዓለም ጨዋታ አለን፤ አርፒጂ የሚሉት ዓይነት። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ የሚጫን አፕ የለውም። እኔ መሪ ነኝ፤ ቦታውንና የሚሆነውን እጽፋለሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥርና ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይጽፋል። ይሳካ አይሳካ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ዳይስ (ሉዶ ላይ የምትጥሏትን) እንጥላለን። የጨዋታው ከተማችን የተቀዳችው ጅሬን ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው፤ ያ የእንጨት በረንዳ አለ አይደል፣ እሱን አሥር እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት። ወንዟ አዌቱ ነው። ዙሪያዋን የሚያወራ የቡና ጫካ ከቧታል። ገንዘቧ ማር ነው። አትሳቁ፤ አንዱ ተጫዋች ከአቅሙ በላይ ማር ተሸክሞ ንብ ሁለት መንደር አሳዶታል።

ስድስት ነበርን። አንዱ ተመርቆ ወደ አገሩ ገባ። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ጣጣው ይሄ ነው፣ ሰው ስትለምድ ይመረቅብሃል። አንዷ ወለደች፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለን ሸኘናት፣ በሦስት ሰዓት ልዩነት ለሚያለቅስ ልጅ ዘንዶ ምኑ ነው። ሦስተኛው ስልኩ ተሰረቀ፤ አዲስ ሲገዛ ሁሉን ነገር መልሶ እኛን ብቻ ረሳን። ቀረን ሦስት፣ እኔን ጨምሮ።

ስለዚህ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። እመኑኝ፣ ሰውን ዕቁብ ማስገባት ከዚህ ይቀላል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ወረቀት ነበር። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ወረቀት አይቸግረኝም። ቁጭ ብዬ የጨዋታውን ሕግ ከሀ እስከ ፐ ጻፍኩ፤ 11 ገጽ ሆነ። ስለ ነፍስ ብዛት፣ ስለ ችሎታ ነጥብ፣ ስለ ማር ምንዛሪ፣ ጫካው ውስጥ ስንት ዓይነት ዛፍ እንዳለ ሳይቀር። 20 ኮፒ አባዝቼ፣ በስቴፕለር መትቼ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረደርኩት። ሰው ሲቪ ሊያሳትም ይመጣል፣ አንዱን ያነሳል፣ የመጀመሪያውን ገጽ ያይና «ይሄ የየትኛው ኮርስ ሞጁል ነው?» ይለኛል። ሞጁል! ከሳምንት በኋላ ኮቺ አካባቢ ቆሎ ስገዛ ልጅቷ የጠቀለለችልኝ ወረቀት ገጽ 7 ሆኖ አረፈው። የማር ምንዛሪው። ቆሎው ግን ጥሩ ነበር።

ቀጥሎ ፕሌስቴሽን ቤት ሄድኩ። ጌም የሚወድ ሰው ያለው እዚያ ነው ብዬ። ዝናብ ሊያሳልፉ የተጠለሉትን ጨምሮ አምስት ስድስት የሚሆኑ ልጆችን ሰብስቤ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ኳስ አለው?» የሚል ነበር። የለውም። «ውጊያስ?» አለው፣ ግን በጽሑፍ ነው። «በጽሑፍ?» ያለኝ ልጅ አስተያየቱ አይረሳኝም፤ ደብዳቤ እየተጻጻፉ የሚደባደቡ ሰዎች ልከውኝ የመጣሁ ነው የመሰለው። እኔም እልህ ያዘኝና ታሪክ ማስተማር ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን የምናብ ጨዋታ ሲያወጡት የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ ነበር። በ1978 ደግሞ እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮይ ትራብሾ የጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትል የቀጠለው መድ የሚባል ጨዋታ ብዙ ሰው በየኮምፒውተሩ ሆኖ አንድ ዓለም ውስጥ የሚገናኝበት ሆነ፤ እሱም ጽሑፍ ብቻ ነበር። ወደ ሰሜን ሂድ ብለህ ትጽፋለህ፣ ትሄዳለህ። ዛሬ እንደ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ያሉት ትልልቅ ጨዋታዎች ዘራቸው ሲቆጠር እዚያ ነው የሚደርሰው አልኳቸው። ልጁ ሰማኝ ሰማኝና «አሁን ግራፊክስ መጥቶልን ለምን ወደ ኋላ እንመለሳለን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ግራፊክስ ያለው ጨዋታ ላይ አዌቱን የሣለልኝ ሰው የለም። በጽሑፍ ከሆነ ግን አዌቱን በአንድ መስመር ከነጭቃው እሠራዋለሁ። ደግሞ የአንድ ሳምንት ጨዋታችን የሚበላው ዳታ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ አያክልም። ግን እንዲህ ያለ መልስ ሁልጊዜ ጫማ ሲወልቅ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው ይባስ። ስልኬ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ሊንክ ላክሁ። በ2016 ምን ይመስል እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ገንዘብ ይሆናል ብሎ ቴሌግራም ላይ ስክሪኑ ላይ ያለች ሳንቲም ሲነካካ፣ «በኔ ሊንክ ግባልኝ» ሲባባል የከረመበት ጊዜ። እኔም ነካክቻለሁ፣ አልዋሽም፤ ያገኘሁት ለካርድ አልሆነም። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ በኋላ «ቴሌግራም ላይ ጌም አለን፣ በዚህ ግቡ» ስል ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም። «ስንት ይከፍላል?» «መቼ ነው የሚመነዘረው?» የአጎቴ ልጅ ጭራሽ ደውሎ «አካውንትህ ሳይጠለፍ አልቀረም፣ ቶሎ ፓስወርድ ቀይር» አለኝ። ሦስት ሰው ገባ። የሚነካ ነገር ፈልገው ሲያጡ ወጡ። አልፈርድባቸውም።

ነገሩ የተገለበጠው ቡና ላይ ነው። ጎረቤታችን እማማ (ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው) አንድ እሁድ ከሰዓት ጠርተውኝ ቁጭ ብያለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ሄዷል፣ እሳቸው ከሰሉ ላይ ጎንበስ ብለው ቡና ይቆላሉ። ልጃቸው «ያ ጨዋታህ ምን ደረሰ? ምንድነው ግን እሱ?» አለችኝ። ማስረዳት አንገሽግሾኝ ነበር። እሷን ትቼ ወደ እናትየዋ ዞርኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መሽቷል። ከገበያ ሲመለሱ አዌቱ ድልድይ ላይ ጅብ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። በሰው አፍ ‹ሳይከፍሉ አያልፉም› ይልዎታል። ምን ያደርጋሉ?»

ከምጣዱ ቀና እንኳ አላሉም።

«የማን ልጅ ነህ? እለዋለሁ።»

ስምንት ወር ሙሉ ይህን ጨዋታ ስመራ ጅብ የገጠመው ሰው ሁሉ ወይ ሮጧል ወይ ጦር ሰብቋል። አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሁለት ሳምንት አልወርድ ብሎናል። የማን ልጅ ነህ ያለው ግን አንድም የለም። ስልኬን አወጣሁና ዳይስ ጣልኩላቸው።

ስለ ዳይሱ እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ የዳይስ ኢሞጂ ብቻዋን ስትልኳት ተንከባልላ ከ1 እስከ 6 አንዱ ላይ ትቆማለች፣ ቁጥሩን ላኪው አይመርጥም። እኛ ሁለት ጥለን እንደምራለን። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ያሰብከው ይሳካል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል ግን ያስከፍልሃል። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጉድህ ፈላ። ይህን አከፋፈል ከውጭ ጨዋታዎች ነው የቀዳሁት። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት አወዳደቅ አለው፤ 15ቱ ይበላሻሉ፣ 15ቱ እያስከፈሉ ይሳካሉ፣ ንጹሕ ድል 6ቱ ብቻ ናቸው። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ወሬ የሚጣፍጠው መሐሉ ላይ ነው፤ ያለ ምንም ጣጣ የተሳካን ነገር ማን ቡና ላይ ያወራዋል? (ለማጭበርበር ለምታስቡ፦ አንዱ ጓደኛችን ድሮ የወጣለትን 6 ፎርዋርድ አድርጎ ላከ። ፎርዋርድ መደረጉ አናቱ ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሎ እያለ አንድ ሰዓት ተከራከረን።)

ለእማማ 5 እና 3 ወጣ። 8። ይሳካል፣ ግን ያስከፍላል።

«ጅቡ ደነገጠ» አልኳቸው። «እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ‹ድሮ አጠገብዎ የነበሩት፣ ወደ አጋሮ የሄዱት ጎረቤትዎ ያሳደጉኝ ነኝ። እለፉ። ግን ከእሳቸው የተዋሱትን ሲኒ ይመልሱ› አለዎት።»

እማማ እጃቸውን ከምጣዱ አነሱ።

«የቱን ሲኒ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጅቡ ነው ያለው።»

«ባለ ወርቅ ጠርዙን ነው?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ያንን እኮ መልሻለሁ! አንቺ አይደለሽ ያደረስሽው?»

ልጅቷ አላደረስኩም አለች። እማማ አድርሰሻል አሉ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ አንዴ ከልጃቸው ጋር አንዴ ከጅቡ ጋር ሲከራከሩ፣ ሲኒ የሚቆጥር ጅብ የማን ክፉ አሳዳጊ ያሳደገው እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ቡናው አረረ። ጅማ ውስጥ፣ እማማ ቤት፣ ቡና አረረ። እኔ በዚያ ሰፈር ይህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አዲስ እየታጠበ እያለ ልጅቷ ቀስ ብላ «እኔስ ድልድዩ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ?» አለችኝ።

አዲሷ ተጫዋቻችን እንዲህ ገባች። 11ዱን ገጽ እስካሁን አላየችውም፣ እኔም አላሳየኋትም።

ከዚያ ወዲህ ማስረዳት ተውኩ። ሰው «ምንድነው ጨዋታው?» ሲለኝ «ድልድይ ላይ ቆመሃል» እለዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ኧረ እኔ እንጃ» የሚል አለ፤ እሱን ቡና ጋብዤ እሸኛለሁ። «ቆይ፣ ጅቡ ብቻውን ነው?» ብሎ መልሶ የሚጠይቅ አለ፤ እሱን እጁን ይዤ አስገባለሁ። ሲታሰብ ደግሞ ምኑም አዲስ አይደለም። እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልህ ስንባባል ያደግን ሰዎች ነን፤ ኦሮምኛውም ሂቦ አለው። መልሱ ሲጠፋ አገር ስጠኝ ይባልና አገር የተሰጠው ሰው እዚያ ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ እየዘረዘረ ይንጎራደድብሃል። ከተማ ሙሉ በቃል የሚሰጣጥ ሕዝብ ይህን ጨዋታ ሥሩልኝ ብሎ ከውጭ መጠበቅ አልነበረበትም። እኔ ግን ጌመር ፍለጋ ፕሌስቴሽን ቤት እዞራለሁ።

ማንን እንደማላስገባም ተምሬያለሁ፣ በውድ ዋጋ። ያ ሪቻርድ ባርትል ያልኳችሁ ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጫዋቾችን በአራት የከፈለበትን ጽሑፍ አውጥቷል፦ ነጥብ የሚሰበስቡ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ሰው ፈልገው የሚመጡ፣ ሌላውን ማጥቃት የሚያስደስታቸው። አንዱ ዓይነት ሲበዛ ሌላውን ይነካል ይላል፤ አጥቂው ከበዛ ለጨዋታና ለወሬ የመጣው ይሸሻል። ይህን ሳነብ በመጀመሪያው ወር ያስገባሁት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። ጎበዝ ጸሐፊ ነበር፣ ፈጣን፣ ቀልደኛ። አንድ ሌሊት ሌላዋ ተጫዋች የፈጠረቻትን አዝማሪ ተኝታ ሳለ ገደላት። ስድስት ሳምንት የለፋችባትን፣ ስለ ማሲንቆዋ ብቻ ግማሽ ገጽ የጻፈችላትን አዝማሪ። ለምን ስለው «ሕጉ ላይ አይከለክልም» አለኝ። እውነትም አይከለክልም ነበር። ልጅቷ ወጣች፣ ጓደኛዋን ይዛ ወጣች። አንድ አስገብቼ ሁለት አጣሁ ማለት ነው። አሁን ይከለክላል።

ሌላው ደግሞ ኢንቦክስ ነው። ሴት ተጫዋች ገና ስሟን ከመጻፏ «ሃይ፣ እንተዋወቅ?» የሚል መልእክት ይገባላታል። ሁለት ሴቶች በዚህ ምክንያት ከአንድ ቀን በላይ አልቆዩም፤ አንዷ ምክንያቷን ነግራኝ፣ አንዷ ዝም ብላ። ግሩፑ ውስጥ የምትለው ካለህ ግሩፑ ውስጥ በለው። ይህን ያልገባው ሰው ዳይስ ሳይጠየቅ ነው የሚወጣው።

ጠንቋይ የሚለውን ቃልም አውጥቼዋለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዱ የሙያ ምርጫ ጠንቋይ ነበር። አንድ ልጅ «እናቴ ስልኬን ብታየው ምን እላታለሁ?» ብሎኝ ጠፋ። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ ላይ አንድ ነው። አሁን ቅጠል አዋቂ ነው የሚባለው። ሥራው ያው ነው፣ ያንኑ እሳት ይተፋል፣ ስሙ ሲለወጥ ግን ሁለት ሰው መረጠው።

ሁለተኛው አዲስ ሰው የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ከኛው ተረኛ ጋር አብረው ይሠራሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጽፈውን ብታዩ! ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለ ጨለማ ስለሚጽፍ ነው መሰለኝ፣ የሱ ጫካ ከኔው ጫካ ያስፈራል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የሚጽፈው፤ አንድ ሳምንት ታገሥኩትና አማርኛ ኪቦርድ ጫንኩለት።

ስለዚህ የቀረን ክፍት ቦታ አንድ ነው። ዕድሜ ከ18 በላይ። ስልክህ ቴሌግራም ከከፈተ ይበቃል። በቀን አንድ መልስ ብትጽፍ ይበቃል፤ ሐሙስ ማታ ግን ከሁለት እስከ አራት ሰዓት አብረን ነን፣ ረመዳን ላይ ሰዓቱን እንገፋዋለን። ፈተና ያለው ተማሪ ገጸ ባሕርይው ታሞ ይተኛል፣ ማንም አይነካውም። ጌም ተጫውተህ አለማወቅህ ችግር የለውም፣ እንዲያውም እመርጥሃለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ከእማማ ልጅ ስልክ የድምፅ መልእክት ገባ። እሷ መስላኝ ከፈትኩት። እማማ ናቸው፣ ስልኩን አፋቸው ውስጥ ከትተው እየጮኹ፦ «አንተ ልጅ! ሲኒው ከቁም ሳጥኑ ሥር ተገኘ። አፉ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ ደህና ነው። ያ ጅብ እንዲህም ሆኖ ይቀበል እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ አልቀበልም ካለ ግን ንገረው፣ አጋሮ ድረስ አልሄድለትም።»